ሞያሌን ተሻግሮ በግራ መንዳት

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጆች እንዴት ናችሁ፣ እኔ ከሐዋሳ ነኝ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ በራሴ መኪና በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ ልሄድ አስቤያለሁ። መንዳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ ግን ሁሌም በቀኝ ነው፣ ኬንያ ደሞ በግራ ነው የሚነዳው። ባለቤቴ ፈርታለች፣ ያን ያህል ያስፈራል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ ባለቤትህ እውነቷን ነው፣ ግን ጉዞውን የሚያስቀር ነገር አይደለም። ሰው በግራ መንዳት ሲባል የሚፈራው ድንበር የተሻገረበትን የመጀመሪያውን ሰዓት ነው፣ ያኔ ግን ሁሉም ነቅቶ ነው የሚነዳው። አደጋው የሚመጣው ተላምጃለሁ ካልክ በኋላ ነው፣ በተለይ ቆመህ ስትነሳ። ጠዋት ከሆቴል ስትወጣ ወይ ነዳጅ ቀድተህ ከማደያው ስትወጣ መንገዱ ጭር ካለ እጅህ ሳታስበው ወደ ቀኝ ይወስድሃል፣ ከፊት መኪና እስኪመጣብህ ድረስም አይታወቅህም። ስለዚህ ሞተር ባስነሳህ ቁጥር ጋቢና ያለችው ባለቤትህ ጮክ ብላ "በግራ!" ትበልህ፣ ልጆቹም ይበሉ፣ በጣም ይረዳል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ደርቦ ማለፍ ነው። ያንተ መኪና መሪው በግራ ነው፣ መንገዱንም በግራ ስለምትይዝ የምትቀመጠው በአስፋልቱ ጠርዝ በኩል ነው ማለት ነው። ከፊትህ ከባድ መኪና ካለ ከዛ ወዲያ የሚመጣውን ለማየት ግማሽ መኪናህን ወደ ሌላው መስመር ማውጣት ሊኖርብህ ነው፣ እሱን ነው የምፈራልህ። ከኋላው አትለጠፍ፣ ቀረት በል፣ በራቅክ ቁጥር እይታህ ይሰፋል። ባለቤትህ ካንተ ቀድማ ስለምታይ "ቆይ" ካለችህ ቆይ፣ "እለፍ" ስትልህ ግን በሷ ብቻ አትለፍ ራስህ እይ፣ ካላየህ ደሞ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ከኋላው ተከተል ምንም አትሆንም።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፣ ድሮ መኪና የሚጨርስ ኮረኮንች ነበር አሁን ጥሩ አስፋልት ሆኗል፣ እና ጥሩ መሆኑ ራሱ ያሳስታል። ዲዳ ጋልጋሉ በረሃ ላይ ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ሲያዩ ሹፌሮች ይለቁታል፣ ግመልና ፍየል ግን በፈለጉበት ነው የሚያቋርጡት። ሞያሌን በጠዋት ልቀቅ፣ ከመነሳትህ በፊት ስለመንገዱ ጸጥታ የጭነት መኪና ሹፌሮችን ጠይቅ፣ ማርሳቢት (መሀል ላይ ያለችው የተራራ ከተማ) ስትደርስ ነዳጅ ሙላና እደር፣ ጠዋት ተራራው ላይ ጉም ካለ እስኪገለጥ ጠብቅ። እዛ ዓመቱን ሙሉ በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመሻል፣ ከዛ በኋላ በፍጹም አትንዳ። መብራት የሌለው የተበላሸ መኪና መሀል መንገድ ቆሞ ታገኛለህ፣ ያንተም መብራት የተሰራው በቀኝ ለሚነዳ ስለሆነ አጭሩን ብታበራ እንኳ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል።

ከተማና መንደር ውስጥ ፍጥነት 50 ነው፣ ምልክት የሌለው ጉብታ በየመንደሩ አለ። አደባባይ ላይ ዙሩ የሚኬደው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው፣ ቅድሚያ የምትሰጠውም ከቀኝህ ለሚመጣው ነው፣ ማለትም ከኛው ተገላቢጦሽ። ናይሮቢ ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም ትራፊኩ በእጁ ካቆመህ ትራፊኩን ነው የምትሰማው። ማታቱዎቹ (የነሱ ታክሲዎች) የኛን ሚኒባሶች ያስንቃሉ፣ እልህ አትጋባ፣ ቦዳ ቦዳ (ሞተር ሳይክሎቹ) ደሞ በሁለቱም ጎን ስለሚገቡ ሳትታጠፍ ሁለቱንም ስፖኪዮ እይ። ልጆቹ በእግር ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት እንዳለባቸው ደጋግመህ ንገራቸው፣ እንደለመዱት ወደ ግራ አይተው ከገቡ መኪናው ከቀኝ ነው የሚመጣው።

ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድና ትሪያንግል እንዳይረሳ። ኢንሹራንስህ ጋ ሄደህ የኮሜሳን (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያን) ቢጫ ካርድ አውጣ፣ ኬንያ ውስጥ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚሸፍንልህ እሱ ነው። የራስህን መኪና ጉዳት ግን አይሸፍንም፣ ለሱ ከኢንሹራንስህ ጋር ለብቻ ተነጋገር።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ናይሮቢ በፕላን ገብቼ እዛው መኪና ብከራይ አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ በደርቦ ማለፉ በኩል በጣም ይሻልሻል፣ የኪራይ መኪናው መሪ በቀኝ ስለሆነ መንገዱን በደንብ ታያለሽ። የሚያስቸግርሽ ሌላ ነው፣ ፍሬቻ ያበራሽ መስሎሽ የዝናብ መጥረጊያውን ትነኪያለሽ፣ በግራ በኩል ያለውን የመኪናውን ስፋት ስለማትለምጂውም ወደ ጠርዝ ትጠጊያለሽ፣ እዛ ጠርዝ ላይ ደሞ ሰው ነው የሚሄደው። አውቶማቲክ ተከራዪ፣ በግራ እጅ ማርሽ መቀየር ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። ከፕላን ወርደሽ እንቅልፍ ሳትጠግቢም መሪ አትያዢ፣ የመጀመሪያውን ቀን በታክሲ ሆቴልሽ ግቢና መኪናውን በማግስቱ እሁድ ጠዋት ተረከቢ፣ ያኔ የናይሮቢ መንገድ ከሌላው ቀን ቀለል ይላል።