የአባቴን የሴራሚክ ሥራ በድረ ገጽ ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 22 ሲሆን የምኖረው አዳማ ነው። አባቴ በሴራሚክ ንጣፍ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ሁለት ወንድሞቼም አብረውት ይሠራሉ። ሥራ የሚያገኙት ሰው ለሰው ሲነግርላቸው ብቻ ስለሆነ ያለ ሥራ የሚቀመጡበት ወር ብዙ ነው። እኔ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መጻፊያ ኮዶች) መሠረታዊ ትምህርት ወስጃለሁ፤ ነገር ግን ለመለማመጃ ከሠራኋቸው ገጾች ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ድረ ገጽ አቅጄና ሠርቼ አውጥቼ አላውቅም። ሥራውን ከምን ልጀምር? በአማርኛ ልጻፈው ወይስ በእንግሊዝኛ? ገንዘብስ ያስፈልገኛል?
ጠያቂዋ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ የምመክርሽ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ቀናት እንድታቆዪው ነው። አባትሽ ሴራሚክ ከማንጠፉ በፊት ወለሉን በውሃ ልክ ያያል፣ ክር ይወጥራል፣ ተቆርጦ የሚገባው ቁራጭ በሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ዓይን በማያርፍበት ጥግ እንዲውል አስቀድሞ ያሰላል፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የድረ ገጽ ሥራም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይፈልጋል።

ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል ደብተር ይዘሽ አባትሽ አጠገብ ተቀመጪና ደንበኞች ደውለው የሚጠይቁትን ሁሉ በራሳቸው አነጋገር ጻፊው። የእጅ ዋጋ በካሬ ስንት ነው? ፉጋው (የሴራሚኮቹ መጋጠሚያ ሙሌት) እዚያው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይታሰባል? አሮጌውን ሴራሚክ ታነሳላችሁ? ሞጆ ድረስ ትመጣላችሁ? ቅድመ ክፍያ ምን ያህል ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በተደጋገሙበት መጠን ቅደም ተከተል ሲይዙ የገጽሽ ዕቅድ ይሆናሉ። እኔ ከዓመታት በፊት ለአንድ የቧንቧ ባለሙያ ገጽ ስሠራ ይህን ሳላደርግ ቀረሁና የገጹን አናት «ስለ እኛ» በሚል ረጅም ጽሑፍ ሞላሁት፤ የሰውየው ደንበኞች ግን ቤታቸው ውሃ እያፈሰሰ ስልክ ቁጥር የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ስልኩ ከታች፣ ያውም በሥዕል ውስጥ ተጽፎ ስለነበር ተጭኖ መደወልም ሆነ ገልብጦ መውሰድ አይቻልም ነበር። በአንቺ ገጽ ላይ ስልኩ ከላይ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ሲነኩት የሚደውል ማያያዣ ይደረግለት፤ ቁጥሩም ከፊት ያለው ዜሮ ወጥቶ በ+251 ይጀምር። አዳማ ላይ ቤት እያሠራ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ደንበኛ ሊደውል የሚችለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ «ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት» የሚለው ሌላ ሰዓት ሊመስለው ስለሚችል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አጠገቡ ጻፊለት።

ከጽሑፉ ሁሉ በላይ የሚናገረው ፎቶግራፍ ነው፤ በዚህ ላይ ጊዜሽን አትቆጥቢ። ያለቀና የሚያብረቀርቅ ወለል ማንም ያሳያል፤ ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ሊሆን እንደሚችልም ደንበኛው ይጠረጥራል። የባለሙያው ጥንቃቄ የሚታየው ኋላ በሚሸፈነው ሥራ ላይ ነው። አንድ ሻወር ቤት ምረጪና ከመጀመሪያው ተከታተዪው፦ ውሃ መከላከያው ተቀብቶ ሴራሚኩ ገና ሳይነጠፍ አንድ ፎቶ፣ ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ክር ተወጥሮ ሳለ አንድ፣ ከፉጋው በፊት አንድ፣ በመጨረሻም አንድ ባልዲ ውሃ ተደፍቶ ኩሬ ሳይሠራ ወደ መውረጃው ሲሄድ አንድ። በየፎቶው ሥር አባትሽ በቃሉ የሚነግርሽን ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከዚህ ቀደም የተጠራቀመ ውሃ ግድግዳውን ያበላሸበት ሰው እነዚህን አራት ፎቶዎች ሲያይ ምን እንደሚገዛ ይገባዋል።

ነገር ግን የሰው ቤት መሆኑን አትርሺ። ከማንሳትሽም ሆነ ከማውጣትሽ በፊት ባለቤቱን አስፈቅጂ፤ በተቻለ መጠንም ፈቃዱን በጽሑፍ፣ በቴሌግራም መልእክትም ቢሆን፣ ያዢው። ስልክሽ የቦታ መጠቆሚያው ክፍት ከሆነ ፎቶው የተነሣበትን ቤት ትክክለኛ አቅጣጫ በውስጡ ይዞ ሊወጣ ስለሚችል፣ ከማንሳትሽ በፊት በካሜራው ማስተካከያ ዝጊው።

የፎቶው ክብደትም ሊታሰብበት ይገባል። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሜጋባይት በላይ ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 (UTF-8) ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 1,000 ፊደላት ያሉት ጽሑፍ 3 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ያልተቀነሰ ፎቶ ከጽሑፍሽ ሁሉ አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጥ ሊከብድ ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በሞባይል ካርድ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ደንበኛ ነው። ስፋቱን ወደ 1,200 ፒክስል ዝቅ አድርጊው፤ አብዛኛው ፎቶ ከ200 ኪሎባይት በታች ሆኖም ጥሩ ይታያል።

ስለ ቋንቋው ያለ ጥርጥር በአማርኛ ጀምሪ እላለሁ፤ ደንበኞቻችሁ የሚያስቡበትና የሚደራደሩበት ቋንቋ ነውና። በአካባቢያችሁ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ደንበኛ ብዙ እንደመሆኑ ሁለተኛው ገጽ በእርሱ ቢዘጋጅ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አማርኛውን ስትጽፊ ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። አባትሽ በጽሕፈት አገልግሎት ቤት ያስተየበው የዋጋ ዝርዝር ካለ፣ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደልን ቦታ ይዘው ስለሚሠሩ ገጽሽ ላይ ሲለጠፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን እንደገና መተየብ ይሻላል። ሁለተኛ፣ በገጹ ኮድ መጀመሪያ ላይ ዩቲኤፍ 8ን እና የቋንቋውን መለያ ግለጪ፤ የመስመሩንም ከፍታ ወደ 1.7 አድርጊው፤ ፊደላችን ሲጠጋጋ ዓይን ያደክማል። ሦስተኛ፣ ሰው ሲፈልግ አንዱ «ሠራተኛ»፣ ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ዋናው አጻጻፍሽ አንድ ዓይነት ሆኖ ሌላው አጻጻፍ በአንድ የፎቶ መግለጫ ውስጥ ቢገኝ አይከፋም።

ገጹ ሲያልቅ ለመለማመጃ በነጻ ማውጣት ትችያለሽ። ጊትሀብ ፔጅስ የተባለው አገልግሎት ለዚህ ምቹ ነው፤ አካውንት ከፍተሽ፣ መጋዘን (የገጹ ፋይሎች የሚቀመጡበት፣ «repository» የሚባለውን) ፈጥረሽ፣ ዋናውን ፋይል «index.html» ብለሽ ጭነሽ፣ በመጋዘኑ ማስተካከያ ውስጥ «Pages» የሚለውን ስትከፍቺ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገጹ ለዓለም ይታያል። አገልግሎቱ ንግድ ማካሄጃ እንዲሆን ደንቡ ስለማይፈቅድ ግን፣ ገጹ የአባትሽ ቋሚ የሥራ በር ሲሆን የራሱ ስም ተገዝቶለት ወደሚከፈልበት ማስተናገጃ ይዛወር። እዚህ ላይ ጀማሪውን ሁሉ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ ያማረው ገጽ ሲወጣ ፎቶዎቹ ይጠፋሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉ ስም ነው፤ ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፣ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ግን ይለያል። የፋይል ስሞችሽን ሁሉ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት ጻፊ። ከወጣም በኋላ በራስሽ ስልክ ብቻ አትፈትሺው፤ የጎረቤትን አሮጌ ስልክ ተውሰሽ፣ ዋይፋዩን ዘግተሽ ክፈቺው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ከፍዬው ድረ ገጽ ሠራልኝ። ስልክ ቁጥሬ ስለተቀየረ ላስተካክል ብፈልግ ልጁን ማግኘት አልቻልኩም፤ የይለፍ ቃሉም የለኝም። ምን ላድርግ?
ጠያቂው ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የድረ ገጽዎ ስም በማን ስምና ኢሜይል እንደተመዘገበ ነው። ዶት ኢቲ በሚል የሚያልቅ ከሆነ የአገሪቱን መለያ የሚያስተዳድረውን ኢትዮ ቴሌኮምን መጠየቅ ይችላሉ፤ ዶት ኮም ከሆነ ደግሞ የመዝጋቢው ድርጅት ስም ለሁሉም ክፍት በሆነው የድረ ገጽ ስም ፍለጋ («WHOIS») ላይ ይታያል። ለመዝጋቢው የንግድ ፈቃድዎን፣ የከፈሉበትን ደረሰኝና ከወጣቱ ጋር የተጻጻፉትን መልእክት አያይዘው ያቅርቡ። ምዝገባው በልጁ ስም ከሆነ ያለ እርሱ ፈቃድ ማዛወር አስቸጋሪ ነውና በሚያውቁት ሰው በኩል መፈለግዎን አያቋርጡ። ምዝገባው በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ የሚያበቃበትን ቀን አሁኑኑ ይወቁ፤ ካልታደሰ ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

እስከዚያው ድረስ አዲሱን ቁጥር በቴሌግራም ገጽዎና በጎግል ካርታ ላይ ባለው የሥራ ቦታዎ መግለጫ ያውጡት፤ አሮጌውን ሲም ካርድም፣ አሁንም በእጅዎ ካለ፣ እንዳይዘጋ ካርድ ይሙሉበት። ገጹ ላይ ያለው ቁጥር እስኪለወጥ ድረስ የሚደውልልዎ ደንበኛ የሚያገኝዎ በእርሱ ነው።