መልስ፦ ለወንድምሽ የስልኩ ሕክምና ብቻ ይበቃዋል?
እህቴ፣ ፒያሳ የሚሠራው ታናሽ ወንድምሽ «መኖር ሰልችቶኛል» እያለ ሐኪም ቤት ግን አልሄድም ማለቱን ጽፈሽ፣ በስማርት ስልክ ብቻ መታከም ይችል እንደሆነ ጠይቀሻል። ስልክ ብቻውን አይበቃም፤ ጥቅሙ ባለሙያው አጠገቡ በሌለበት ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ የደኅንነት ዕቅድ ያወጣል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣበት ሲል የሚያያቸው ምልክቶች፣ ያን ጊዜ ብቻውን የሚያደርገው (ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግር መሄድም ሊሆን ይችላል)፣ የሚደውልላቸው ሰዎች፣ የሐኪሙ ቁጥር፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት የሚያርቅለት ሰው ይጻፋሉ። ይህ ሁሉ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም የሚከፈት ይሁን። ወረቀት ቢሆን ኪሱ ውስጥ ሰው ያገኘዋል፤ ስልኩን ሲነካካ ግን ማንም ልብ አይለውም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ላደገ ሰው እንዲህ ሳይታይ መጠቀም መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉት የሚበዙት ወንዶች ናቸው።

አማኑኤል ሲባል ከደነገጠ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጠበል የሚሄድ ከሆነ አትከልክዪው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

«ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርበትም። አዎ ካለሽና ሐሳቡ ከበረታበት ብቻውን አትተዪው፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፣ አምቡላንስ ካስፈለገ 907 ደውዪ።