ሱቅ ላይ ጎበዝ፣ ደብተር ላይ ጭንቅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ይማራል። ትንሽ ሱቅ አለችን። እኔ ሳልኖር እሱ ይሸጣል፤ መልስ ተሳስቶ አያውቅም። መጽሐፍ ሲይዝ ግን አንድ መስመር እስኪጨርስ ያልበዋል። መምህሩ «ቀልቡ አይሰበሰብም» ይላሉ። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል፤ ጠበልም ወስጄዋለሁ። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በስልክ የሚሰጥ «የአንጎል ማዳበሪያ» ሥልጠና አለ ብላኛለች። ክፍያው ለእኛ ከባድ ነው። ይጠቅመዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ይያዙት።

የነገሩኝ የሱቁ ወሬ ለእኔ ትልቅ ምርመራ ነው። ደንበኛ የሚያስተናግድ፣ መልስ አስልቶ የሚሰጥ ልጅ የማሰብ ችግር አለበት ለማለት ይከብደኛል። የከበደው ፊደሉን ከድምፁ ማገናኘቱ ሊሆን ይችላል። ይህ ዲስሌክሲያ ይባላል። ከስንፍና ጋር አይገናኝም፤ በዘር ይሄዳል። እስቲ አባቱን ወይም አጎቶቹን «ልጅ እያላችሁ ንባብ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው።

ሥልጠናውን በተመለከተ፦ የስልክ የአእምሮ ጨዋታ የለመደ ልጅ በዚያው ጨዋታ ይበረታል። ንባቡ ግን እዚያው ነው። እጅና እግር እያጠላለፉ የሚሠሩት እንቅስቃሴም ሰውነት ያፍታታል እንጂ ማንበብ አያስተምርም። አንጎል ይለወጣል፣ እውነት ነው። ለንባብ የሚለውጠው ግን ንባቡን ራሱን በደንብ መማር ነው።

ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ካስፈለገ እነሱ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ይልኩታል። ዓይኑና ጆሮው ይታይ። ጆሮው መግል አፍስሶ ያውቃል? «ቀልቡ የለም» የተባለ ልጅ መምህሩን ሳይሰማ ዓመት ሲጨርስ አይቻለሁ። ከኋላው ሆነው አንድ ጆሮውን አስይዘው በሹክሹክታ ቃል ይንገሩት፤ ካልደገመልዎ ይጠርጥሩ። የደም ማነስም ይታይለት። ሌላም አለ፦ እያወራ ድንገት ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ የሚቀር ከሆነ፣ ያ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል አይቆዩ። ይታከማል። ጠበሉን ተዉ አልልም፤ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ግን እንዳይቋረጥ።

ደግሞ ይህን አይርሱ፦ በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ያልተማረውን ፊደል አላወቀም ብለን ልጁን መውቀስ ግፍ ነው።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። ፊደል ገበታውን ያውጡና «ሙ የቷ ናት? ጌስ?» እያሉ አዘበራርቀው ይጠይቁት። ሀ ሁ ሂን በዜማ የሚወጣ ልጅ ያነበበ ይመስላል፤ ፊደሉን ነጥለው ሲጠይቁት ይጠፋበታል። የኔታዎቻችን ይህን ድሮ ያውቁታል። ሀ ሁ ካስቆጠሩ በኋላ አ ቡ ጊ ዳ ብለው ቅደም ተከተሉን የሚያፈርሱት አለምክንያት አይደለም። በነገራችን ላይ «ሐኪም»ን በሀ ቢጽፍ አይቁጠሩበት። ድምፁ አንድ ነው፤ እኔም እሳሳታለሁ።

ቀጥሎ መጽሐፍ የማይፈልግ ጨዋታ አለ። ቡና እያፈሉ «ገበሬ ከሚለው ላይ ገን ብናነሳ ምን ይቀራል?» ይበሉት። «በሬ!» «ከሰላም ላይ ሰን ብናነሳስ?» «ላም!» ወንበር ውስጥም በር አለ። መጀመሪያ ግራ ሊገባው ይችላል፤ እርስዎ እየመለሱ ያሳዩት። ሲለምድ መጀመሪያ ያለውን ድምፅ ይለዋውጡ፦ ቡና፣ ዜና፣ ጤና። ከዚያ ሰፌድ ላይ ዱቄት በትነው ያንኑ ቃል ድምፁን እያሰማ በጣቱ ይጻፈው። ንባብ ማለት ቃልን ፈትቶ መልሶ መግጠም ስለሆነ ለእሱ የሚበጀው ይህ ነው።

በመጨረሻ አጭር ጽሑፍ፣ አራት ወይም አምስት መስመር። ያንኑ ለሦስት አራት ቀን ደጋግሞ ያንብብ። በቃሉ ያዘው ብለው እንዳይሰጉ፤ ቃሉን በጣቱ እየተከተለ እስካነበበ ድረስ ፍጥነት የሚመጣው በመደጋገም ነው። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ሲያዛጋ ይተዉት። በዱላ የተነበበ ፊደል አይቆይም።

ገበጣና እንቆቅልሹስ? ይጫወት እንጂ! ገበጣ ቁጥር ያለማምዳል፤ «አገር ስጠኝ» ሲባል ፍኖተ ሰላምን ላለመስጠት የሚጨነቅ ልጅም ቃል ሲፈትሽ ያመሻል። ብቻ የንባቡን 15 ደቂቃ አይተካም።

የምግቡን ነገር ባጭሩ፦ «የአንጎል ቫይታሚን» እየተባለ የሚሸጠውን ሽሮፕ ሐኪም ካላዘዘ አይግዙ። አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። እንቅርት በብዛት በሚታይበት አገራችን ይህ ለመላው ቤተሰብ ነው፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ካለች።

መምህሩን ደግሞ ሄደው ያነጋግሯቸው። ፊት ያስቀምጡት፤ የሚያውቀውን በቃል ይጠይቁት። ክፍሉ ፊት አስቁሞ ማስነበቡን ግን ለጊዜው ይተዉለት። ከሦስት ወር በኋላ ንባቡ ፈቀቅ ካላለ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ተመለሱ። ስህተቱን እየሰረዙ አያጽዱት፤ እንዳለ ብናየው ይሻላል።