መልስ፦ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ሩደስሃይም ይሆናል ወይ?

ይሆናል። ሩደስሃይም በራይን ወንዝ ዳር ያለች የጀርመን ከተማ ናት። እናትሽን ይዘሽ ከፍራንክፈርት በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ካሰብሽ፣ ተራራውን በእግር መውጣት የለባቸውም። ሽቅብ የሚወስድ ኬብል፣ ማለትም በሽቦ ተንጠልጥሎ የሚሄድ መጓጓዣ፣ አለ።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ኤርቤ 10 (RB 10) የሚባለውን ባቡር ያዙ። ጉዞው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። የዶይችላንድ ቲኬት፣ ማለትም በመላው ጀርመን ለአካባቢ ባቡርና አውቶቡስ የሚሠራው ወርሃዊ ቲኬት፣ ካላችሁ ለባቡሩ ሌላ ክፍያ የለም። ከቪስባደን በኋላ እናትሽ በስተግራ መስኮት ይቀመጡ፤ ራይን ወንዝ በዚያ በኩል ነው።

ሩደስሃይም ከተማ መሀል ኬብሉን ታገኙታላችሁ። ክፍት የሆነች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ሳጥን ናት። በወይን እርሻው አናት ላይ ቀስ እያለች በ10 ደቂቃ ገደማ ታደርሳችኋለች። የወይኑ ረድፍ ከእግራችሁ ስር እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይታያል። ላይ ስትወጡ በ1883 የተመረቀው፣ 38 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኒደርቫልድ ሐውልት አለ። ለኔ ከሐውልቱ ይልቅ እይታው ይበልጣል፤ ወንዙ፣ ማዶ ደግሞ የቢንገን ከተማ። ቡና በፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ።

ድሮስልጋሰ የምትባለውን ጠባብ መንገድ አንዴ አይታችሁ እለፉ። ቱሪስት ይበዛባታል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ቲኬት ስትቆርጪ የኬብሉን ደርሶ መልስ ብቻ በይ። "ዙር ቲኬት" ካልሽ ጫካውን በእግር አቋርጣችሁ፣ በወንበር ሊፍት አስማንስሃውዘን ወደሚባለው ሰፈር ወርዳችሁ በጀልባ መመለስ ይመጣል። ለጤነኛ ጉልበት ግሩም ነው፤ ለሳቸው ግን ይከብዳል። በብርዱ ወራት ደግሞ ኬብሉ ብዙ ጊዜ ዝግ ስለሆነ ከቤት ሳትወጡ ሰዓቱን አጣሪ።