ከደሴቱ ጀምሪ

ጥያቄ፦ የጋዜጠኝነት ትምህርቴን ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ያደግሁት ባቱ ነው፤ እናቴ በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ያለው የቱሉ ጉዶ ደሴት ተወላጅ ናት። ፎቶ አንሺ መሆን እፈልጋለሁ። የደሴቱ ኑሮ፣ የአደጋ ጊዜ እርዳታና የቤተሰቤ የዘር ሐረግ፣ ሦስቱም ይስቡኛል። አባቴ «ይህ እንጀራ አይሆንም» ይላሉ። ጓደኞቼ ደግሞ ገንዘቡ ያለው እርዳታ ድርጅቶች ጋር ስለሆነ፣ በጎፋ እንደደረሰው ዓይነት አደጋ ሲከሰት ካሜራዬን ይዤ እንድሄድ ይመክሩኛል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጓደኞችሽ ምክር ልነሣ። አትሂጂ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ፤ በአካፋና በእጃቸው እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ማንም ሳይልከው የሚደርስ ፎቶ አንሺ ምግቡም፣ ማደሪያውም፣ ደኅንነቱም በሌሎች ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ይህን ስል ሙያውን እያናናቅሁ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ፎቶ አንሺው ሙሉጌታ አየነ ለአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ይሠራ ነበር። በአደጋው ስፍራ አፈር እየዘገነች ፊቷ ላይ የምትበትን ሐዘንተኛ አነሣ። ፎቶው በ2020 እ.ኤ.አ. ለወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር የዓመቱ ምርጥ ምስል ዕጩ ሆነ። እኔን የሚያስገርመኝ አንድም አስከሬን ሳያሳይ የዚያን ቀን መከራ ሁሉ መናገሩ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያደገ ሰው ዓይን ይታይበታል። ካሜራ ከመያዝ በፊት ሰውን ማወቅ ያስፈልጋል የምልሽም ለዚህ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሰዎቹን የምታውቂበት ቦታ በእጅሽ አለ።

ስለዚህ ከዝዋይ ሐይቅ ጀምሪ። ጎብኚው በጀልባ ሄዶ ጉማሬውንና ቤተ ክርስቲያኑን ያነሣል፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ጽላተ ጽዮን ከአክሱም ተወስዶ በቱሉ ጉዶ ቆየ የሚለውን ትውፊት ሰምቶ ከመሸ በፊት ይመለሳል። የደሴቶቹ ነባር ነዋሪ የሆነው የዛይ ሰው ግን ዓሣ ያጠምዳል፣ ይሸምናል፣ ኮረብታውን በእርከን አርሶ ይኖራል። ብዙው ወደ ባቱ፣ ወደ መቂና ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወጥቷል። ከደንገል ታንኳ ማሰር የሚችሉት እነማን ናቸው? ልጆቹ በየትኛው ቋንቋ ይጫወታሉ? የመስኖና የአበባ እርሻው ከሐይቁ ውሃ ሲስብ ዳርቻው ምን ይመስላል? ይህን በአንድ ቀን ማንሣት አይቻልም። አንቺ ግን እናትሽን በሚያውቋት ሰዎች ቤት ታድሪያለሽ፤ ከየትኛውም ውድ ሌንስ ይበልጣል።

በሥራው ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ጠዋት ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲስብ ከኋላው ሐይቁ ያብረቀርቃል። ካሜራው በራሱ ከተተወ ብርሃኑን በውሃው ይለካና የሰውየው ፊት ጠቁሮ ጥላ ብቻ ይሆናል። ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለኪ፤ ውሃው ቢነጣ ይንጣ። በዚያው ምሽት መግለጫውን ጻፊ፦ ስሙን እስከ አያቱ፣ ደሴቱን፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የያዘው ዓሣ ቆሮሶ ይሁን አምባዛ። «አንድ ዓሣ አጥማጅ» የሚል መግለጫ ሰውየውን ስም አልባ ያደርገዋል።

የዘር ሐረግሽን ለብቻው የቆመ ሥራ አታድርጊው፤ ከደሴቱ ሥራ ጋር አንድ ላይ የሚሄድ ነው። በእናትሽ ሣጥን ውስጥ ያሉትን የድሮ የፎቶ ቤት ምስሎች በስካነር አስገልብጪና ቅጂውን ይዘሽ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂጂ። «ይህች የማን ልጅ ናት?» ብሎ አንዱ ሲጀምር ሌላው ያርመዋል፤ ክርክራቸውን በድምፅ ቅረጪ። በዛይኛ ከተናገሩ በዛይኛው ይቀመጥ፣ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። በዋናው ፎቶ ጀርባ ስም የምትጽፊ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የብስክሪብቶ ቀለም ወደ ምስሉ ፊት ይዘልቃል። ያነሣሻቸውንም ሰዎች ፎቶ አሳትመሽ መልሰሽ ውሰጂላቸው። ይህን የማያደርግ ፎቶ አንሺ በጣም ያናድደኛል።

ሕጉንም እወቂ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንም መሸጥንም ይከለክላል፤ የሚቀጥለው አንቀጽ ሕዝብን ለሚመለከቱ ክስተቶችና ለመሰል ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ተረጂ ሰው ግን ዱቄት ሊቀበል ተሰልፎ እያለ «ፎቶ ላንሣህ?» ሲባል እምቢ ማለት ይከብደዋል። እርዳታውን ተቀብሎ ከሰልፉ ከወጣ በኋላ ጠይቂው። የራስሽን መብት በተመለከተ ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በውል ካልተስማማችሁ በስተቀር በትእዛዝ የሠራሽው ሥራ የኢኮኖሚ መብት ያሠራሽ አካል ነው። ስለዚህ ፎቶዎቹን በራስሽ የሥራ ማሳያና በዐውደ ርእይ የመጠቀም መብትሽ በውሉ ላይ ይጻፍ። ከመፈረምሽ በፊት እንጂ ከፈረምሽ በኋላ የሚሰማሽ የለም።

ስለ ገቢው አባትሽ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገንዘቡ ይቆራረጣል። የእርዳታ ድርጅቶች አዘውትረው የሚያሠሩት አደጋን ሳይሆን የውሃ ጉድጓድን፣ ክትባትን፣ ሥልጠናን፣ ለዓመታዊ ሪፖርት የሚሆን ሥራን ነው። በየመሐሉ ሠርግና ምርቃት አንሺ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ካሜራ በብድር አትግዢ፣ ለጊዜው ተከራዪ። ድሮን ደግሞ ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ አታስነሺ።

እስከዚያው በአቅራቢያሽ ባለ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝግበሽ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና እንዲሰጡሽ ጠይቂ። የአደጋ ቦታን ሥርዓት የምትማሪው እዚያ ነው፤ ቀን ሲመጣም ተልከሽ ትሄጃለሽ። ከዚያ ለድርጅቶች የምትልኪው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ከደሴቱ 12 ፎቶ ከነሙሉ መግለጫው አያይዢ። ስለ ራስሽ ብዙ አትጻፊ፤ የምትናገሪያቸውን ቋንቋዎች ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጪ።