የካታንጋው ሳንቲም

ጥያቄ፦ ኮንጎ የዘመቱት አያቴ በተዉት ሳጥን ውስጥ የሙዝ ዘለላ ያለበት፣ «ካታንጋ 1961» የሚል የ5 ፍራንክ ሳንቲም አገኘን። ካታንጋ አገር ነበረች እንዴ? ሳንቲሙስ ወርቅ ይሆን? (አንባቢያችሁ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የኮንጎ ደቡብ ምሥራቅ ግዛት የነበረችው ካታንጋ ራሷን አገር ነኝ አለች እንጂ አንድም መንግሥት ዕውቅና አልሰጣትም፤ መኮንንና አማካሪ የላከችላት ቤልጅየም እንኳ። ሆኖም ሁለት ዓመት ተኩል ቆይታለች። ኮንጎ ነፃ ከወጣች 11 ቀን እንደሆናት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1960፣ የግዛቲቱ መሪ ሞይስ ቾምቤ በኤሊዛቤትቪል (በዛሬዋ ሉቡምባሺ) መገንጠሉን አወጀ።

ጸንታ እንድትቆይ ያደረጋት መዳቡ ነው። ዩኒዮን ሚኒዬር የተባለው የማዕድን ኩባንያ ግብሩን በሊዮፖልድቪል (በዛሬዋ ኪንሻሳ) ለነበረው የኮንጎ መንግሥት መክፈሉን ትቶ ለቾምቤ ከፈለ። መዳቡ ለገበያ ሲወጣም በዋና ከተማው ማለፍ አያስፈልገውም ነበር፤ ባቡሩ በደቡብ በሮዴዥያ (በዛሬዎቹ ዛምቢያና ዚምባብዌ)፣ በምዕራብ ደግሞ በአንጎላ በኩል ወደ ሎቢቶ ወደብ ያደርሰው ነበር። ቅጥረኛ ወታደሩ የሚከፈለው፣ ቴምብሩም ሳንቲሙም የሚሠራው በዚሁ ገንዘብ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እንዲያውም የቤልጅየም ኮንጎ ሆነው «ካታንጋ» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው ናቸው።

ቾምቤ የካታንጋን ሰሜን ግን አልያዘም። በጄሰን ሴንድዌ የሚመሩት የባሉባ ብሔር ሰዎች አልገብርም ብለው ተዋጉት። ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 የኮንጎ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ እዚያው ካታንጋ ውስጥ ሲገደል ብዙው አፍሪካ በቾምቤ ላይ ፊቱን አዞረበት፤ በማግስቱ ወር የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኮንጎ የነበረው ጦሩ የእርስ በርስ ጦርነትን ለመግታት፣ ሌላ መንገድ ከጠፋ በኃይል እንዲጠቀም ፈቀደ። በሴፕቴምበር ፉጋ የተባለው የካታንጋ ጄት፣ ተዋጊ አውሮፕላን ያልነበረውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር አስጨነቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው የኢትዮጵያ ኤፍ-86፣ የስዊድንና የህንድ ጄቶች የመጡት። ጃንዋሪ 1963 ቾምቤ እጅ ሲሰጥ የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ኢትዮጵያዊው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ሳንቲሙ ደሴ እንዴት እንደደረሰ መገመት አያስቸግርም።

በሌላው ገጽ ያለው መስቀል የሃይማኖት ምልክት አይደለም፤ ድሮ በአካባቢው ለመገበያያ ይቀለጥ የነበረ የመዳብ መስቀል ነው። ባለ 5 ፍራንኩ በነሐስም በወርቅም ተሠርቷል፣ ቅርጹም አንድ ነው፤ ስለዚህ በዓይን አይፍረዱ፣ ወርቅ ቤት ያስመዝኑት። የወርቁ ከ13 ግራም ይበልጣል፤ የነሐሱ ከዚያ በብዙ ያንሳል። በሎሚም በአመድም አይሹት፤ የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል። ነሐስ ከሆነ ደግሞ በገበያ በብዛት ስለሚገኝ ብዙ ገንዘብ አይጠብቁ።