ሳያጉረመርም የነከሰው ውሻ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከኮተቤ ወጣ ብሎ ካራ አካባቢ ነው። ቦቢ የተባለው ውሻችን 5 ዓመት ግቢያችንን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። በፋሲካ ማግስት የጣልንለትን አጥንት ሲግጥ የ4 ዓመት ልጃችን አጠገቡ የወደቀ ኳስ ሊያነሳ ጎንበስ ቢል ጉንጩን ነከሰው። ደሙን ለማቆም ቡና ነሰነስኩበት፤ ከዚያም ጤና ጣቢያ ወስደነው ክትባት ጀመረ፣ አሁን ድኗል። ውሻውን 10 ቀን አስረን ብንጠብቀው ምንም የሕመም ምልክት አላሳየም። ድሮ ሰው ወደ ምግቡ ሲጠጋ ያጉረመርም ነበር፤ ባለቤቴ በዱላ እየመታ ጠባዩን ካስተወው ግን ዓመት አልፎታል። ታዲያ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ የነከሰው ለምንድን ነው? ጎረቤቶቻችን መርዝ ስጡት ይሉናል።

መልስ፦ እንኳን ልጅዎ ተረፈልዎት። የጥያቄዎ መልስ እንደ ዋዛ ባለፉት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ማጉረምረም ጥጋብም ክፋትም አይደለም፤ ውሻ «አትጠጋኝ» የሚልበት ቋንቋው ነው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ የሚማረው ምግቡን ለሰው መልቀቅን ሳይሆን ዝም ማለትን ነው፤ ስጋቱ ከውስጡ አይወጣም፣ እንዲያውም ሰው በቀረበው ቁጥር ዱላ እንደሚከተል ስለለመደ ይብስበታል። ቦቢ አልታረመም፤ ማስጠንቀቂያውን ነው የተነጠቀው።

ድምፁ ቢጠፋም ሰውነቱ መናገሩን አይተውም። አጥንት የያዘ ውሻ ሰው ሲቀርበው ማላመጡን ድንገት ገታ ያደርጋል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ አንገቱን አጥንቱ ላይ እንደደፋ ዓይኑን ብቻ ወደ መጣው ሰው ስለሚመልስ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሚበላ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል። ይህን የተረዳ ዐዋቂ ይመለሳል፤ የ4 ዓመት ልጅ ግን ቢያየውም አይገባውም፤ ቁመቱም ፊቱን ከውሻው አፍ ጋር ስለሚያስተካክለው፣ ዐዋቂን እጁ ወይም እግሩ ላይ የሚያገኘው ጥርስ እሱን ጉንጩ ላይ ያገኘዋል። የታሰረ ውሻ ደግሞ መሸሽ አይችልምና የሚቀረው መታገሥ ወይም መንከስ ብቻ ነው። ዕለቱንም ልብ ይበሉ፤ 55ቱን የጾም ቀን የእንጀራ ፍርፋሪ ሲበላ ለከረመ ውሻ የፋሲካ አጥንት ትልቅ ሀብት ነው።

መርዙን ይተዉት፤ ልጅ በሚጫወትበት ግቢ መርዝ ማስቀመጥ ከውሻው የባሰ አደጋ ነው። ይልቅ ምግቡን ልጁ በማይደርስበት፣ በአጥር በተከለለ ጥግ ይስጡት፤ ሲበላም ሆነ ሲተኛ ማንም አይጠጋው፤ ልጁም ከእሱ ጋር ብቻውን ለአፍታ እንኳ አይተው። ከአፉ የሚወሰድ ነገር ካለ በዱላ ከማስጣል ራቅ ብሎ ቁራሽ ሥጋ ወርውሮ መለወጥ ይሻላል። ጥርሱን ወይም ጆሮውን የሚያመው ውሻም ቶሎ ስለሚናከስ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በዚያው ያስጨርሱ። ይህን ሁሉ መፈጸም የማይችሉ ከሆነ፣ የሆነውን ሳይደብቁ ልጅ ለሌለው ቤት መስጠቱን አልቃወምም።

ስለ ቡናው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በለሃጭ ውስጥ ሆኖ በቁስል ይገባል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቡናም ሆነ ቅጠል ሳይነሰነስበት ቁስሉ በሚፈስስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚኬደውም በዚያው ቀን ነው። ውሻውን 10 ቀን አስራችሁ መጠበቃችሁ ግን ትክክል ነበር፤ የጎረቤቶቻችሁን ምክር ሰምታችሁ በዕለቱ ገድላችሁት ቢሆን ኖሮ፣ ታሞ ነበር ወይስ አልታመመም የሚለው የሐኪሙ ጥያቄ አብሮት ይቀበር ነበር።